ሾተል፣ ጎራዴ ወይስ የውጅግራ ሳንጃ? የቆየ ስለት መሰብሰብ ለሚጀምር ሰው የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የቆየ ጎራዴና ሾተል መሰብሰብ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዕቃውን የሚመርጠው በዐይኑ ብቻ ነው። አፎቱ በቀይ ከፋይ የተለበጠ፣ እጀታው በብር ያጌጠ ዕቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያያል፤ ሻጩ «ይሄ እኮ የዐድዋ ነው» ይለዋል፤ እርሱም ልቡ ተነክቶ ይከፍላል። እኔም የጀመርሁት እንዲሁ ነው። የመጀመሪያ ሾተሌን የገዛሁት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ሲሆን፣ ዐድዋ ላይ የዋለ መሆኑን ሻጩ በመሐላ ጭምር አረጋግጦልኝ ነበር። ከዓመት በኋላ የላላውን እጀታ ለማጥበቅ ስፈታው፣ እጀታው ውስጥ ተሸሽጎ በነበረው የብረቱ ጭራ ላይ የአንድ ክብ ቀዳዳ ግማሽ ታየኝ፤ ዕድሜውን በጋራዥ ሥራ የፈጀው አጎቴ ገና ሲያየው፣ ቀዳዳው የመኪና ባሌስትራ የሚታሰርበት ቡሎን የሚገባበት መሆኑን ነገረኝ። ሾተሉ በሚገባ የተቀጠቀጠ፣ የባለ እጁን ችሎታ የሚያሳይ ሥራ በመሆኑ ዛሬም አለኝ፤ ነገር ግን የዐድዋ ጦርነት በተካሄደበት በ1888 ዓ.ም በኢትዮጵያ ምድር ላይ አንድም መኪና አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በቆየሁባቸው ዓመታት የተማርሁት፣ አንድን የቆየ ስለት ከሌላው የምናስበልጥበት የመጀመሪያው መስፈርት ዕቃው ስለ ራሱ ምን ያህል መመስከር ይችላል የሚለው መሆን እንዳለበት ነው። ሻጭ የሚናገረው ታሪክ ከሻጩ ጋር ይቀራል፤ በብረቱ ላይ የተመታው ማኅተም፣ የተቀረጸው ጽሑፍ፣ የእጀታው ቁስና የአፎቱ ስፌት ግን ከዕቃው ጋር ወደ ገዢው ቤት ይገባሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ሾተልን፣ ጎራዴን፣ ውጅግራ በተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ላይ የሚሰካውን ሳንጃና ጊሌ የተባለውን የአፋር ጩቤ የማነጻጽረው በዋናነት በዚህ መስፈርት ሲሆን፣ የዋጋ፣ የሕግና የአያያዝ ጉዳዮችንም በየቦታቸው አነሣለሁ። ሐሳቤን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያ ግዢ ሳንጃውን ነው፤ ገንዘብና ትዕግሥት ላለው ሰው ጎራዴ ይከተላል፤ ሾተል ግን ምንም እንኳ ከሁሉም ይልቅ የራሳችን ቢሆንም፣ እጅና ዐይን ከሠለጠኑ በኋላ ቢገዛ ይሻላል።

ሾተል

ሾተል እንደ ማጭድ እጅግ የተቆለመመ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጠርዝ የተሳለ፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚደርስ ሰይፍ ነው። እጀታው ከእንጨት ወይም ከቀንድ የሚሠራ ሲሆን የእጅ መከላከያ የለውም። ቅርጹ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባላጋራው ጋሻውን ከፊቱ ሲያቆም፣ የሾተሉ ጫፍ ጋሻውን ዞሮ ወይም ከላይ ተሻግሮ ከበስተጀርባ እንዲደርስ ታስቦ ነው። ተዋጊው ግራ እጁ ጋሻ ስለሚይዝ ሾተሉን የሚታጠቀው በቀኝ ጎኑ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ይህን ቅርጽ ከአፎቱ ለመምዘዝ አስቸጋሪ ነው እያሉ ይተቹት ነበር፤ በእጁ ይዞ የሞከረ ሰው ትችታቸው መሠረት እንዳለው ይገነዘባል፤ ሆኖም ቅርጹ ከጋሻው ጋር አብሮ የኖረ በመሆኑ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መገምገም ተገቢ አይደለም። ዛሬ በየአገሩ የሚገኙ ሰብሳቢዎች ይህን ሰይፍ በአማርኛ ስሙ ሾተል ብለው ነው የሚጠሩት፤ ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሾተል ዋናው ችግር ስም የለሽ መሆኑ ነው። የጃፓን ሰይፍ ሠሪ ስሙን በእጀታው ውስጥ በሚገባው የብረቱ ጭራ ላይ በመሮ ይቀርጽ ነበር፤ ስለዚህ የዛሬ ሰብሳቢ እጀታውን አውልቆ ሠሪውን፣ አንዳንዴም ዘመኑን ያነባል። የእኛ ቀጥቃጭ ግን በሥራው ላይ ስሙን የሚጽፍበት ሁኔታ አልነበረም። ብረት የሚሠራ ሰው ጠይብና ቡዳ እየተባለ በሚሰደብበት ኅብረተሰብ ውስጥ፣ ማረሻውንና ጦሩን ሁሉም ይፈልገዋል፤ የሠሪውን ስም ግን የሚጠይቅ አልነበረም። በጎንደር አካባቢ ከነበሩት ባለ እጆች መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በእስራኤል አገር ይኖራሉ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብ እንዲቆም አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ሾተሎቻችን ፊርማ አልባ የሆኑበት ምክንያት ከዚህ ንቀት ተለይቶ ሊታይ አይችልም፤ ሰብሳቢውም ዛሬ የዚያን ንቀት ዋጋ በየሱቁ ይከፍላል።

ፊርማ ባይኖርም ብረቱ ጨርሶ ዝም አይልም። በእጅ የተቀጠቀጠ የቆየ ሾተል ከእጀታው አጠገብ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከላሜራ የተቆረጠ የዘመናችን የጎብኚ ዕቃ ግን ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ አንድ ነው፤ ይህን በሁለት ጣት መካከል እያሳለፉ መለየት ይቻላል። የኤሌክትሪክ መሞረጃ የተወው ጭረት ቀጥ ያለና እርስ በርሱ ትይዩ ሲሆን፣ የእጅ ሞረድ የተወው ግን አቅጣጫው የተለያየ ነው። የቆየ ዝገት ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ብረቱን በየቦታው ነጠብጣብ አድርጎ የበላ፣ በጥፍር ቢፋቅ የማይነሣ ነው፤ በአሲድ ወይም በጨው ውኃ በሳምንት የተፈጠረው ግን ብርቱካናማ፣ በሁሉም ቦታ እኩል የሆነና በጣት ሲነካ ዱቄት የሚተው ነው። አፎቱም ይመሰክራል፤ ለዚያ ስለት የተሰፋ አፎት ስለቱን ሳያስጨንቅና ሳያንቀጫቅጭ ይቀበለዋል፤ ስለቱ ሲገባ የሚጋጭ ወይም የሚዋኝ ከሆነ ሁለቱ የተጋቡት በሱቅ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ከባሌስትራ የተሠራ ሾተል ሁሉ ግን መናቅ የለበትም። የመኪና ባሌስትራ ጥሩ የስፕሪንግ ብረት በመሆኑ ቀጥቃጮቻችን ከሌላው ቁስ ይልቅ ይመርጡታል፤ በዘመኑ ዋጋ በዘመኑ ስም ከተሸጠ በቤት ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው የእጅ ሥራ ነው።

ጎራዴ

በአማርኛ ጎራዴ የሚለው ቃል በሰፊው ማንኛውንም ሰይፍ ሊያመለክት ይችላል፤ እዚህ የምናገረው ግን መጠነኛ ቅልም ስላለው፣ በአንድ ጠርዙ ስለተሳለው፣ ብዙውን ጊዜ ስለቱ ከአውሮፓ መጥቶ እጀታውና አፎቱ በአገራችን ስለተሠራለት ሰይፍ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በምጽዋ፣ በታጁራና በጅቡቲ በኩል ከጠመንጃ ጋር ስለቶችም ይገቡ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ነው። ዞሊንገን የስለት ሥራ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የኖረባት ከተማ ስትሆን፣ ስሟን በስለት ላይ መምታት የሚችለው በከተማዋ የሠራ ብቻ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ተደንግጓል።

ጎራዴ ለሰብሳቢ ያለው ትልቁ ጥቅም ከዚህ ይመነጫል፤ ስለቱ ብዙውን ጊዜ የሠሪውን ማኅተም ይዞ ይገኛል። ማኅተሙ የሚፈለገው ከእጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ወርድ ላይ ሲሆን፣ አንዳንዴ ዝገት ወይም ቆሻሻ ስለሚሸፍነው በአግድም በተያዘ ባትሪ መፈተሽ ያስፈልጋል። የንጉሥ ራስና የፈረሰኛ ቁር ጎን ለጎን ከታዩ፣ ስለቱ እ.ኤ.አ. በ1883 ሁለት የዞሊንገን ቤቶች ተዋሕደው ከመሠረቱት ከቫየርስበርግ ኪርሽባውም ኩባንያ የወጣ ነው፤ ስለዚህ ስለቱ ከዚያ ዓመት ሊቀድም አይችልም። ሽኮኮ የሚመስል ምልክት የካርል አይክሆርን ነው። የእንግሊዙ ዊልኪንሰን ደግሞ የመኮንን ጎራዴዎችን ተከታታይ ቁጥር በስለቱ ጀርባ ላይ ይመታ ነበር፤ የኩባንያው የቁጥር መዝገቦች በብዛት ስለተረፉ፣ ቁጥሩ ከተነበበ የተሠራበትን ዓመት መፈለግ ይቻላል። ዊልኪንሰን ጎራዴ መሥራቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ከሠሪው ማኅተም በላይ የሚያስደስተው በስለቱ ላይ የተቀረጸው የራሳችን ፊደል ነው። ለኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና ለሹማምንት ታዘው በተሠሩ ስለቶች ላይ ዘውድ የጫነ አንበሳና «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃል ይገኛል። እዚህ ላይ አንባቢን የማሳስበው አንድ ነገር አለ። የፊደሉ ቅርጽ ተዛብቶ ቢገኝ ወዲያው ሐሰተኛ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ግእዝ የማያነብ የውጭ አገር ሠራተኛ ከወረቀት ገልብጦ ሊቀርጸው ይችላልና። የተሻለው መመዘኛ የጽሑፉ ድካም ከስለቱ ድካም ጋር መመሳሰሉ ነው። ስለቱ ለመቶ ዓመት በተደጋጋሚ ተወልውሎና ተስሎ ጠርዙ ከሳሳ በኋላ፣ አንበሳው ጎፈሩ ሳይደበዝዝ ትናንት እንደተሣለ ሆኖ ከታየ፣ ቅርጹ በኋላ ዋጋ ለመጨመር የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

የጎራዴ አሳሳች ጎኑ ሁለት ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ስለቱ ዞሊንገን ውስጥ በአንድ ዘመን ተሠርቶ፣ እጀታው ሌላ ቦታ በሌላ ዘመን ሊገጠምለት ይችላል፤ አያት የታጠቀውን ስለት የልጅ ልጅ አዲስ እጀታና አዲስ አፎት ሊያሠራለት ይችላል። ስለዚህ ማኅተሙ የሚነግረን ጎራዴው ከየትኛው ዓመት ሊቀድም እንደማይችል ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የስለቱን ዓመት ያነቡና የብር ሥራውም የዚያ ዘመን ነው ብለው ይከፍላሉ፤ የብር ሥራው ግን አንጥረኛው በሌላ ጊዜ ያወጣው ሊሆን ይችላልና ለብቻው መመርመር አለበት። በጥንቃቄ የተሠራ የቆየ እጀታ የብረቱ ጭራ እጀታውን ሰንጥቆ አልፎ ከላይ በመዶሻ ተመትቶ የተጨፈለቀ ነው፤ በዚያ ቦታ የፋብሪካ ዳዶ ወይም የሚያብረቀርቅ የሙጫ ቅሪት ከታየ በቅርብ ጊዜ እጅ ገብቶበታል።

እጀታውን በሚመለከት ከሁሉም የከበደው ጉዳይ የአውራሪስ ቀንድ ነው። የባለጸጎች ጎራዴ እጀታ በአብዛኛው ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር፤ ከጎሽና ከበሬ ቀንድም ይሠራል። ሁለቱን መለየት ለገንዘብም ለሕግም አስፈላጊ ነው። የአውራሪስ ቀንድ በውስጡ አጥንት የሌለው፣ እንደ ተጨመቀ ፀጉር ያለ ድፍን ቁስ በመሆኑ፣ በተቆረጠው ጫፉ ላይ ቀጫጭን ነጠብጣቦች፣ በጎኑ ደግሞ ቀጥ ብለው የሚወርዱ መስመሮች በማጉያ መነጽር ይታያሉ። የጎሽና የበሬ ቀንድ ግን በአጥንት ላይ የበቀለ ቅርፊት በመሆኑ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው፤ ዳሩ ሲላላጥም በንብርብር ይነሣል። ሁሉም የአውራሪስ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 ስምምነቱን ተቀላቅላለች። በውጤቱ፣ የአውራሪስ እጀታ ያለው ጎራዴ አገር ውስጥ የተከበረ ቅርስ ሆኖ ሳለ፣ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ከሌለው ሊወረስ የሚችል ዕቃ ይሆናል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖር ወገን እንዲህ ያለውን እጀታ ሲገዛ፣ ዕድሜውን የሚያረጋግጥ ሰነድና የአገሩን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከክፍያ በፊት መጠየቅ አለበት። ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ቀላል ነው፤ የእንጨት ወይም የጎሽ ቀንድ እጀታ ያለውን ይምረጥ።

የውጅግራ ሳንጃ

ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር ወደ አፋችን የገባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል የሆነውን የግራ ጠመንጃ ያመለክታል። ይህ ጠመንጃ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በብዛት ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል፤ ሳንጃውም አብሮት መጥቷል። ሳንጃው 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ስለት፣ የእንጨት እጀታና የናስ ራስ አለው፤ ስለቱ ከጀርባው ሰፋ ብሎ ወደ ጠርዙ ስለሚቀጥን፣ ቢቆረጥ አቋራጩ የላቲኑን «ቲ» ፊደል ይመስላል።

ይህን ዕቃ ለጀማሪ የመረጥሁበት ምክንያት በስለቱ ጀርባ ላይ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት የተቀረጸው መስመር ነው። በዚያ መስመር ላይ የተሠራበት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፣ ወሩና ዓመቱ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ሻቴልሮ፣ ሴንት ኤትየንና ቱል በብዛት የሚታዩ ስሞች ናቸው። በእጅ መከላከያው ላይ ቁጥር ተመትቷል፤ በአፎቱም ላይ እንዲሁ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ስለቱና አፎቱ ከፋብሪካ አብረው የወጡ ናቸው፤ ዋጋውም ከተለያዩት ይበልጣል። አንድ ጀማሪ በዚህ ዕቃ ላይ ማኅተም ማንበብን፣ ቁጥር ማመሳከርን፣ የቆየ ዝገትን ማወቅንና ዘይት መቀባትን ይማራል፤ በብዛት የተሠራ በመሆኑም ዋጋው ከጎራዴና ከጥሩ ሾተል በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ በመማር ጊዜ የሚደርስ ስሕተት ኪስን አያራቁትም። ቀንድም ብርም ስለሌለበት ከአውራሪስ ጉዳይ ነፃ ነው።

ድክመቱን መደበቅ ግን አይገባኝም። ሳንጃው የተሠራበትን ወር እንኳ ሲነግረን፣ ኢትዮጵያ መግባቱን አይነግረንም። በፈረንሳይ ጎተራ ውስጥ የኖረውና በሸዋ ተራሮች ላይ የዘመተው በፋብሪካ ማኅተማቸው አንድ ናቸው። የሚለያቸው የአገር እጅ ነው፤ የብረት አፎቱ ጠፍቶ በባላገር ፋቂ የተሰፋ የቆዳ አፎት የገባበት፣ የተሰነጠቀ የእንጨት እጀታው በጠፍር የተጠመጠመ ሳንጃ ሳገኝ፣ ቁጥሩ ከተሟላው ይልቅ ልቤ ወደ እርሱ ያደላል። የፈረንሳይ ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን ጉድለት ያለበት ብሎ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ለእኛ ግን ዕቃው የኢትዮጵያ የሆነው በዚያ ጠፍር ነው። የኢጣሊያ የቬተርሊ ሳንጃም በዚሁ መንገድ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ዐድዋ ላይ የተሰለፈው የኢጣሊያ ሠራዊት አብዛኛው የታጠቀው ቬተርሊ ጠመንጃ ነበርና።

ጊሌ፣ አዳዲስ ቢላዎችና የካታና ቅጂዎች

የአፋር ጊሌ በወገብ ፊት ለፊት የሚታጠቁት፣ ወርዱ ሰፊ፣ በሁለቱም ጠርዝ የተሳለ ቆልማማ ጩቤ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ሕያው ዕቃ መሆኑ ነው፤ ዛሬም ይሠራል፤ ዛሬም ይታጠቁታል። ስለዚህ ዕድሜውን ማረጋገጥ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ሐሰተኛ ነው ወይስ እውነተኛ የሚለው ጥያቄ ብዙም አያሳስብም፤ አፋር ለአፋር የሠራው ከሆነ እውነተኛ ነው። ሰኞ ሰኞ በሚቆመው በባቲ ገበያ አፋሮች፣ ኦሮሞዎችና አማሮች ይገናኛሉ፤ በወገባቸው የታጠቁትን አይቶ መለየት የለመደ ሰው በአዲስ አበባ ሱቅ ለጎብኚ የተሠራውን በቀላሉ ያውቀዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ጊሌን ከየመን ጃምቢያና ከኦማን ኸንጀር ጋር ጎን ለጎን ቢሰበስቡ ጥሩ ንጽጽር ይሆናል፤ በጃምቢያ ዘንድም የዋጋው ሚስጥር ከስለቱ ይልቅ እጀታው ስለሆነ፣ የአውራሪስ ቀንድ ጥንቃቄው እዚያም ይሠራል።

አዳዲስ የፋብሪካ ቢላዎችን የሚመርጥ ሰው ሌላ ደስታ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1890 በፈረንሳይ ሳቮዋ የተጀመረው ኦፒኔል ወይም የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ በትንሽ ገንዘብ ይገኛሉ፤ ስለ ብረት ዓይነት፣ ስለ መሳልና ስለ ዝገት ያስተምራሉ፤ በየቀኑ ያገለግላሉ። ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ግን ጥማቱን አይቆርጡለትም።

በኢንተርኔት በርካሽ ስለሚሸጡት ካታና የተባለው የጃፓን ሰይፍ ቅጂዎች የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብዙዎቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ረጅም ስለት ሲሆን ይህ ብረት ተሰባሪ ነው፤ በእጀታው ውስጥ ያለው ጭራም ብዙ ጊዜ በብየዳ የተቀጠለ ቀጭን ዘንግ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመወዝወዝ የሚሞክር ሰው ስለቱ ከእጀታው ተነቅሎ በአጠገቡ ያለውን ሊጎዳ ይችላል። ግድግዳ ላይ ቢሰቀል የሚከለክለው የለም፤ በእጅ ግን ባይወዘወዝ ይሻላል።

ሕግ፣ ድንበርና የመቅደላ ዕቃዎች

በአገር ውስጥ የሚገዛ ሰው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማወቅ አለበት። በዚህ አዋጅ መሠረት ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ለዕረፍት መጥቶ ጎራዴ ገዝቶ የሚመለስ ሰው ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት ከቅርስ ባለሥልጣን የማረጋገጫ ወረቀት ማግኘት ይኖርበታል። ለጎብኚ የተሠራ አዲስ ሾተል እንኳ ቢሆን ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት በኤርፖርት ብዙ ክርክር ያስቀራል። በአውሮፕላን ሲጓዝም ስለት መግባት ያለበት በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነው።

በእንግሊዝና በዌልስ ለሚኖሩ ወገኖች ሾተልና ጎራዴ ከሳንጃ የሚለዩበት አንድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ሰይፍ መሸጥና ማስገባት ተከልክሏል፤ ርዝመቱ የሚለካውም የስለቱን ቅልም ተከትሎ ሳይሆን ከእጀታው ራስጌ እስከ ጫፉ በቀጥታ መስመር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ቅርስ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1954 በፊት የተሠራ ወይም በባህላዊ ዘዴ በእጅ የተቀጠቀጠ ሰይፍ ከክልከላው የሚያስጥል መከራከሪያ አላቸው። ቀጥ ያለው የውጅግራ ሳንጃ ግን በዚህ ድንጋጌ አይነካም። ያም ሆነ ይህ በአደባባይ ይዞ መዞር በየትኛውም አገር ቢሆን መዘዝ ያለው ስለሆነ፣ ከሱቅ እስከ ቤት ታሽጎ መሄድ አለበት።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ የመቅደላ ጉዳይ ነው። በ1860 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1868) ዐፄ ቴዎድሮስ ከተሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሻሽጦታል፤ ሰይፎች፣ ጋሻዎችና ቀንደ ዋንጫዎች በዚያ መንገድ በእንግሊዝ የግል ቤቶች ውስጥ ተበትነዋል። ዛሬም ከእነዚህ ዕቃዎች በየጊዜው ለጨረታ የሚቀርቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2024 ለሽያጭ የቀረቡ የመቅደላ ዕቃዎች በኢትዮጵያ መንግሥት ጥያቄ ከጨረታ ተነሥተው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደርጓል። ስለዚህ በጨረታ መግለጫ ላይ «አቢሲኒያ 1868» የሚል ቃል ያነበበ ሰብሳቢ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ዕቃውን ለራሱ ግድግዳ ከመመኘት ይልቅ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ቢያሳውቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሱቅ ውስጥና ቤት ውስጥ

ከመግዛት በፊት እውነተኛውን ደጋግሞ ማየት ከየትኛውም መመሪያ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በፒያሳ በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሙዚየም የዐድዋ ዘመን መሣሪያዎች አሉ፤ ከእነርሱ ፊት አንድ ሰዓት የቆመ ሰው በቸርችል ጎዳና ሱቆች የሚያየውን ዕቃ በሌላ ዐይን ያያል። ወደ ሱቅ ሲገባ ማግኔት፣ አነስተኛ ባትሪና ማጉያ መነጽር ይያዝ፤ ብር ነው የተባለው ጌጥ ማግኔት የሚስበው ከሆነ ብር አይደለም። ቀጥ ያለና የመስቀል ቅርጽ መከላከያ ያለው ሰይፍ «የድሮ የኢትዮጵያ» ተብሎ ሲቀርብለትም ይጠንቀቅ፤ እንዲህ ያለው ሰይፍ በብዛት የሱዳን ካስካራ ነው። በ1881 ዓ.ም ከተደረገው የመተማ ጦርነት ወዲህ ከሱዳን የተገኙ ሰይፎች በአገራችን ሊገኙ መቻላቸው አያጠራጥርም፤ ዋጋው ግን በስሙ መከፈል አለበት።

ቤት ከገባ በኋላ ብዙ የቆዩ ስለቶች የሚበላሹት በፍቅር ነው። በአመድና በሎሚ አሽቶ እንደ መስታወት ማብራት የእናቶቻችን የዕቃ አያያዝ ወግ ቢሆንም፣ በቆየ ስለት ላይ ማኅተሙንና ጽሑፉን አብሮ ይበላል። የሚያስፈልገው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በለስላሳ ጨርቅ በስሱ መቀባትና በየሦስት ወሩ መፈተሽ ብቻ ነው፤ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚያጣብቅና አቧራ ስለሚይዝ አይሆንም። የጣት ላብ ጨው ስላለው ስለቱ በባዶ እጅ አይነካ። ስለቱና የቆዳው አፎትም ለየብቻ ቢቀመጡ ይመረጣል፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል፤ የተለፋበት አሲድም ብረትን ይበላል።

ከሁሉም አስቀድሞ ግን ወደ ገበያ ለመውጣት ያሰበ ሰው የራሱን ዘመዶች ይጠይቅ። በብዙ ቤተሰቦች ውስጥ የአያት ወይም የቅድመ አያት ጎራዴ ከቁም ሣጥን በስተኋላ ተጋድሞ ይገኛል፤ ከየትኛውም ሱቅ የማይገኘው ምስክርነት ደግሞ በአጠገቡ በሕይወት አለ። አያትን ወይም አክስትን ቁጭ አድርጎ «ማን ታጠቀው? ከማን አገኘው? የት ዘመተበት? እጀታው መቼ ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በራሳቸው አንደበት መቅዳትና ከስለቱ ማኅተም ፎቶግራፍ ጋር በወረቀት ማስፈር ይገባል። ሻጭ በመሐላ ከሚሰጠው የዐድዋ ታሪክ ይልቅ «አባቴ በወርኃ መስከረም ሲታጠቀው አይቻለሁ» የሚል አንድ የአክስት ቃል ይበልጥብኛል። ወረቀቱ ግን በአፎቱ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ቆዳው የያዘው እርጥበት ቀለሙን ያጠፋዋልና።